ፀሐይ የምትወጣባቸው ሰዎች

ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ብሎ እንቅልፉን ትቶ ሌሊት ተራራ የሚወጣ ሰው ምን ፈልጎ ነው? በወላጆቻችን ዘመን ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሳም ነበር። እነሱ ፀሐይን የሚያውቋት በሥራዋ ነው። ሰዓት ትነግራቸዋለች፣ እህላቸውን ታደርቅላቸዋለች፣ ብርዳቸውን ታስለቅቅላቸዋለች። ቆመው ሊያደንቋት የሚሄዱባት ነገር አድርገው አላሰቧትም። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከሻሸመኔ ተነስተው ወደ ባሌ የሚጓዙ ብዙ ወጣት ሙስሊሞች አሉ። ጎባ ያድራሉ፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ በኪራይ መኪና ወደ ሳነቴ ይወጣሉ፤ ፀሐይዋ ብቅ ስትል ሞባይላቸውን አውጥተው ያነሷታል፤ ከዚያም ተመልሰው ጎባ ቁርሳቸውን ይበላሉ።

ስለዚህ ልማድ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዳንድ አባቶች "የፈረንጅ ሥራ ነው፤ ሙስሊም ፀሐይ ለማየት ገንዘብና ጊዜ አያባክንም" ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ "ይህማ ተፈኩር ነው፤ የአላህን ሥራ መመልከት ራሱ ዒባዳ ነው" ብለው ይመልሳሉ። እንደ እኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች ቸኩለዋል። የመጀመሪያዎቹ ቁርኣን ስለ ሰማይና ምድር፣ ስለ ሌሊትና ቀን መፈራረቅ ስንት ጊዜ ልብ በሉ እንደሚል ዘንግተዋል። ሁለተኞቹ ደግሞ ማየትና ማስተንተን አንድ ነገር መስሎአቸዋል። ላም እንኳ ፀሐይ ስትወጣ ታያለች።

ነገሩን ከቦታው እንጀምር። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጎባ ከዚያ ጥቂት ከፍ ትላለች። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ግን በአጭር ርቀት ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣና የሳነቴን አምባ ሰንጥቆ ያልፋል። በአምባው ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን መኪና እስከ ጫፉ ይደርሳል። ከአምባው ደቡባዊ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የሐረና ደን በደመና ተሸፍኖ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ያያል። አካባቢው በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሪያድ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እንግዲህ የሚታይ ነገር የለም የሚል ሰው ቢኖር ቦታውን አላየም ማለት ነው።

በበጋ ሌሊት እዚያ ያለው ብርድ የቀልድ አይደለም። መሬቱ በውርጭ ይነጣል፤ ውኃ በጆግ ውስጥ ይረጋል። ሰማዩ ግን በከተማ የማናውቀው ሰማይ ነው። እኛ ከተሜዎች የሱብሒን ወቅት የምናውቀው በግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሰንጠረዥ ወይም ከሞባይላችን ነው። ፈጅር በዓይን የሚታይ ነገር መሆኑን የመብራት ብዛት አስረስቶናል። ሳነቴ ላይ ግን ዑለማእ በፊቅህ ኪታቦች የጻፉት ሁሉ በቅደም ተከተል ይታያል። መጀመሪያ ከአድማሱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ደብዛዛ ብርሃን ይመጣል። ይህ ፈጅሩል ካዚብ ነው፤ ሐሰተኛው ጎሕ። የዛሬዎቹ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች በፕላኔቶች መካከል ባለ ብናኝ ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን ነው ይሉታል። ዐረቦች ይህን ብርሃን "የተኩላ ጭራ" ብለው ሰይመውታል። በዓለም ላይ ከቀሩት አምስት መቶ ገደማ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነውና፣ በዚያ ሰዓት ከእነሱ አንዱ በዚያው ሜዳ ላይ በጭራው ተጠቅልሎ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ እውነተኛው ፈጅር ይመጣል። እሱ ወደ ላይ አይቆምም፤ በአድማሱ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘረጋል። ፀሐይዋ በዚያን ጊዜ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በእኛ አገር ከዚያ አንስቶ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ጊዜ አለ። የጾመኛ ሱሑር የሚያበቃበት፣ ሱብሒ የሚሰገድበት ጊዜ ይኸው ነው። የጠዋቱ ዋና ጉዳይ በሙሉ ያለው በዚህ ሰዓት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ብዙው ተመልካች ይህን ሰዓት የሚያሳልፈው መኪና ውስጥ መስታወት ዘግቶ፣ እጁን እያሻሸ፣ "ገና ነው?" እያለ ነው። እሱ የመጣው ለክቧ ፀሐይ ነዋ!

ሸሪዓችን ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ነው ያስቀመጠው። ክቧ ብቅ ባለችበት ቅጽበት ሶላት መጀመር የተከለከለ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን የከለከሉት በዚያ ሰዓት ለፀሐይ የሚሰግዱ ሕዝቦች ስለነበሩ፣ ሙስሊም ከእነሱ ጋር እንዳይመሳሰል ነው። የሰበእ ንግሥትና ሕዝቧ ለፀሐይ ሲሰግዱ ሁድሁድ የተባለችው ወፍ አይታ ለሱለይማን (ዐ.ሰ.) እንደነገረች በሱረቱ አን-ነምል እናነባለን። ኢብራሂምም (ዐ.ሰ.) ኮከቡን፣ ጨረቃዋን፣ በመጨረሻም ፀሐይዋን ስትወጣ ተመልክተዋል። ፀሐይዋ ከሁሉም ትልቅ ነበረች። ሆኖም ወደ እውነቱ ያደረሳቸው መውጣቷ አልነበረም፤ መጥለቋ ነው።

እንግዲህ ፀሐይ ስትወጣ ቆሞ ማየት ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የክልከላውን ሌላ ገጽታ ማየት ይቻላል። በዚያች ቅጽበት ሶላት የለብህም፤ እጅህ ባዶ ነው፤ ነፃ ጊዜ ተሰጥቶሃል። ጥያቄው በዚህ ነፃ ጊዜ ዓይናችን ምን ላይ ያርፋል የሚለው ነው።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ታሪክ በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከኸይበር ሲመለሱ፣ በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ መሆኑ ነው፣ ሌሊቱን ሲጓዙ እንቅልፍ ቢያሸንፋቸው ከሰሓቦቻቸው ጋር ጋደም አሉ። የሌሊቱን ዘብ ለቢላል (ረ.ዐ.) ሰጡት። ሥራው ቀላል ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ ማየትና ሌሎቹን መቀስቀስ። ቢላል የቻለውን ያህል ሰገደ። ጎሑ ሲቃረብ ፊቱን ወደሚወጣበት አቅጣጫ አዙሮ ወደ ግመሉ ደገፍ አለ። በዚያው እንቅልፍ ጣለው። የፀሐይዋ ሙቀት እስኪያርፍባቸው ድረስ አንድም ሰው አልነቃም።

የሐበሻው ልጅ ቢላል በዚያች ሌሊት የሆነውን እናስተውል። መንገደኛ ነው። ሜዳ ላይ ነው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። እንደ ዛሬዎቹ የሳነቴ መንገደኞች አድማሱ ላይ ዓይኑን ተክሎ ነበር። ልዩነቱ እሱ አድማሱን የሚያየው ለራሱ አለመሆኑ ነው፤ ከጀርባው የተኙ ሰዎች አሉ። በአማርኛችን "ጎሕን መጠበቅ" ስንል ሁለት ነገር ማለት ይሆናል፤ እስኪመጣ መቆየትና ዘብ መቆም። ቢላል ሁለተኛውን ነበር የሚያደርገው። እንቅልፍ ስለጣለውም አልተወቀሰም። ነቢዩ ከዚያ ቦታ ጥቂት ራቅ እንዲሉ አዘዙ፤ ውዱእ አደረጉ፤ ቢላልን ኢቃም እንዲያደርግ አዘዙትና ሱብሒን አሰገዱ። ዘቡን ያጎደለው ሰው ራሱ ለሶላቱ እንዲጠራ ተደረገ።

ሁለተኛው ታሪክ በየጁሙዓው የምናነበው በሱረቱል ካህፍ ያለው ነው። ብዙዎቻችን ስለ ዙልቀርነይን ስናስብ የሚታወሰን በየእጁጅና መእጁጅ ላይ የሠራው ግድብ ነው። ከግድቡ በፊት ግን ረጅም መንገድ ተጉዟል። አንዱ ጉዞው እስከ ፀሐይ መውጫ ድረስ ነበር። እስቲ አስቡት! አንድ ታላቅ ንጉሥ ዓለምን አቋርጦ ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ ደረሰ። እኛ ብንሆን ስለ ምን እንጽፍ ነበር? ስለ ቀለሙ፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ተራራው ጥላ። ቁርኣን ግን ከእነዚህ አንዱንም አላነሳም። ዙልቀርነይን እዚያ አገኘ ተብሎ የተነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣባቸውና ከእሷ የሚከለሉበት ነገር የሌላቸው ሰዎች። ከሙፈሲሮች አንዳንዶቹ ቤት የሚሠራበት መሬት፣ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ አልነበራቸውም ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ዋሻ ይገቡ ነበር ብለዋል። የትኛውም ይሁን፣ የሩቁ መንገደኛ በመንገዱ ጫፍ ላይ ያየው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሳነቴ እንመለስ። ፀሐይዋ የምትወጣው ባዶ ምድር ላይ ነው የሚል አስተሳሰብ በጉብኝት ወረቀቶች ላይ በብዛት ይገኛል። "ያልተነካ"፣ "የሰው እግር ያልረገጠው" ይባላል። ይህ እውነት አይደለም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በዚያው በባሌ ተራሮች ፍንጫ ሃበራ በተባለ፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ የአለት ጥላ ሥር ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ይኖሩ እንደነበር አረጋግጧል። እሳት ያነዱ ነበር፤ ከባልጩት መሣሪያ ይሠሩ ነበር፤ በዚያ ምድር ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። በዓለም ላይ በዚህ ከፍታ የሰው መኖሪያ ሆነው ከታወቁት ቦታዎች ሁሉ ጥንታዊው ይህ ነው ተብሏል። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ጠዋት ከአለቱ ጥላ ወጥቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ሁሉ ያደረገው ነገር ግልጽ ነው፤ ይሞቅ ነበር።

ዛሬም ያው ነው። በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋም ወደ ውርጩ አምባ እያዘዋወሩ ማሰማራት ነው። በኋላም በፓርኩ ውስጥ ቤት ሠርተው የሰፈሩ አሉ። ግጦሹ አውሬውን እንደሚጎዳ፣ የእረኛው ውሻ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታም ቀይ ቀበሮውን እንደሚፈጅ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች በማስረጃ ይናገራሉ። ነዋሪዎቹ ደግሞ አያቶቻችን የዋሉበት መሬት ነው ይላሉ። ክርክሩ ከአንድ ጋዜጣ ገጽ በላይ ስለሆነ ፍርዱን እዚህ አልሰጥም። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው በዚያ አምባ ላይ ሰው መኖሩ ነው።

ከቱሪስቱ መኪና ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በአለት ተከልሎ የቆመ እረኛ ልጅ ይኖራል። እሱም ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ፀሐይዋን ነው የሚጠብቀው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ነገር እያዩ ነውን? አንዱ የሚጠብቀው ቀለም ነው፤ ሌላው የሚጠብቀው ጣቶቹ እስኪታጠፉለት ድረስ ነው። ለአንደኛው ደመና ሲጋርድበት ፎቶው ተበላሸ ማለት ነው። ለሁለተኛው ብርዱ አንድ ሰዓት ተጨመረበት ማለት ነው። ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ልጁ ራሱ የፎቶው አካል መሆኑ ነው። ከፀሐይዋ ፊት ጥቁር ጥላ ሆኖ ሲታይ ያምራል። ፎቶው ላይ ልጁ አለ፤ ስሙ ግን የለም። "ልጄ፣ ላንሳህ?" ተብሎ አልተጠየቀም። ለመኪናው ኪራይ፣ ለአልጋው፣ ለቁርሱ የተከፈለው ገንዘብ ቢደመር የልጁ ድርሻ የቱ ላይ ነው?

ይህን ስል ብርዱን እየተካፈሉ ካልሆነ አትዩ ማለቴ አይደለም። ስንፍናም ሆነ ድሎት ባላየ የማለፍ ያህል አያስከፋም። እዚህ ላይ ነው ከአባቶቹም ከወጣቶቹም የምለየው። የነገሩ ጉድለት ፀሐይዋን ማየታችን አይደለም። ዙልቀርነይን እዚያ ድረስ ሄዶ ያገኛቸውን ሰዎች እኛ ሳናገኛቸው መመለሳችን ነው።

ለሰው ሁሉ ፀሐይ አንድ ዓይነት አትወጣም። ይህን ለማየት ከሳነቴ ወርዶ በሮቤ በኩል ወደ ገሰራ መሄድ ነው። የገሰራ ምድር የስንዴ ምድር ነው። ገበሬው ገናና ቦና በተባሉ ሁለት ወቅቶች ያርሳል። እዚያ የፀሐይ መውጫ የቱሪስት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም፤ በመኸር ጊዜ ግን ከየትኛውም ተራራ ይልቅ በጥንቃቄ ይታያል። ምሥራቁ ጠርቶ ከነጋ ጤዛው ረፋድ ላይ ይደርቃል፤ ኮምባይነሩም ከማሳ ይገባል። ጤዛው ሳይደርቅ ከገባ እህሉ እርጥበት ይይዛል፤ ገለባውም ማሽኑን ያንቀዋል። ስለዚህ ባለ ኮምባይነሩ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ባለ ማሳው ተራውን እየቆጠረ፣ ጭነት የሚጠብቁት ወጣቶች ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠው ሁሉም ፀሐይዋን ይጠብቃሉ። ደመና ሆኖ ከዋለና ዝናብ ከጨመረ ግን የደረሰው ስንዴ እዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ የዓመት ልፋት ለከብት ይሆናል። አንድ ገበሬ ገና ሱብሒ ሰግዶ ሲወጣ ዓይኑን ወደ ምሥራቅ ሲወረውር "ያ ረብ" የሚለው ውበቱ ስለማረከው አይደለም። ደግሞም በዚያች አጭር ልመና ውስጥ ከብዙ ሰዓት መደመም የበለጠ ተፈኩር ሊኖር ይችላል።

ከገሰራ ወደ ሰሜን ደግሞ መሬቱ ወደ ዋቤ ሸበሌ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። አፋፉ ላይ ያለው ሰው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ገደሉ ውስጥ ያለው ገና በጥላ ነው። ወደ ምሥራቅ ቆላው ሲወረድ ነገሩ ፈጽሞ ይገለበጣል። ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን በእግራቸው የሚጓዙ መንገደኞች መንገዱን የሚገፉት አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። (ስለ ጉዞው በዑለማእ መካከል ያለውን ክርክር እዚህ አላነሳም፤ የማወራው ስለ ሰው እግርና ስለ ፀሐይ ነው።) ለእነሱ የፀሐይ መውጣት የምሥራች አይደለም፤ ጥላ ፈልጉ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። በባሌ ምድር፣ በአንድ ጠዋት፣ አንዷ ፀሐይ ለሳነቴው እረኛ ልብስ፣ ለገሰራው ገበሬ እንጀራ፣ ለቆላው መንገደኛ ጠላት ናት። ይህን ሁሉ ከአንድ ጫፍ ላይ ቆሞ "እንዴት ያምራል!" ብሎ መጠቅለል ትንሽ ነገር ማየት ነው።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው በርግጥ ከሌላው ቀድሞ ያያል። ፉቀሃኦች ይህን ጉዳይ ገና ድሮ አንስተውታል። በ587 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት የሐነፊው ዓሊም አል-ካሳኒ በኪታባቸው እንደጠቀሱት፣ ስለ እስክንድርያ ሰዎች ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ከተማዋ ውስጥ ፀሐይ ጠልቃ ሳለ በታላቁ የመብራት ማማ አናት ላይ ያለው ሰው ገና ያያታል፤ ታዲያ ማን ነው የሚያፈጥረው? መልሱ ታች ያለው ያፈጥራል፣ ማማው ላይ ያለው ይጠብቃል የሚል ነበር። በእኛ ዘመንም በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) በዱባይ 828 ሜትር ለሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ ተመሳሳይ ፈትዋ ተሰጥቷል። ከ80ኛው ፎቅ በላይ ያሉት ሁለት ደቂቃ፣ ከ150ኛው በላይ ያሉት ሦስት ደቂቃ ቆይተው እንዲያፈጥሩ ተነገራቸው።

ይህን ብይን ወደ ጠዋት ስናዞረው የሳነቴን መንገደኛ በቀጥታ ይመለከተዋል። ቱሉ ዲምቱ ላይ የቆመው ሰው ፀሐይን ከታችኛው አገር ሰው ጥቂት ደቂቃዎች ቀድሞ ያያታል፤ ስለዚህ የሱብሒ ወቅትም ቀድሞ ያልቅበታል። ከጎባ የመስጊድ ሰንጠረዥ ይዞ ወጥቶ "ገና አምስት ደቂቃ አለኝ" የሚል ሰው ሊያልፈው ይችላል። ከፍታው ያመጣለት ተጨማሪ እይታ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይዞ መጥቷል። በሌላ በኩል ደግሞ እሱ ያየው ነገር ታች ያለውን ሰው አያስገድደውም። ማማው ላይ ያለው ሰው ወደ ታች ጮኾ "ፀሐይ አለች፣ አታፍጥሩ" እንዲል አልተፈቀደለትም። እነሱ የራሳቸው አድማስ አላቸው። ይህ በፊቅህ ውስጥ ያለ ትንሽ ጉዳይ ቢሆንም፣ ከከተማ ወደ ገጠር ለሚሄድ የተማረ ሰው ሁሉ የሚሆን ትምህርት አለው። ቶሎ ያየ ሁሉ የሌላው መሪ ነኝ ማለት አይችልም።

ከተራራ ላይ አድማስ ያዩ ሰዎች ሲነሱ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒን አለማንሳት አይቻልም። ዛሬ ፓኪስታን በሆነው ምድር ናንዳና በተባለ ስፍራ ተራራ ላይ ወጥቶ አድማሱ ከዓይኑ ትይዩ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለካ። ከተራራው ቁመትና ከዚያች ትንሽ ማዕዘን ተነስቶ የምድርን ግማሽ ወርድ አሰላ። ያገኘው መጠን ከዛሬው ልኬት ብዙ የማይርቅ ነው። ይህ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ነበር። ሰውዬው የከተሞችን ርቀትና አቀማመጥ የሚያጠናው የቂብላ አቅጣጫን በትክክል ለማወቅ ጭምር ነበር። ቢሩኒ በዚያች ቀን ውበት አላየም ብዬ አላምንም። የእሱን ያህል ሰማይን የወደደ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሲወርድ ለሌላው የሚሆን ነገር ይዞ ወርዷል፤ ልክ ቢላል ለተኙት ሰዎች ጎሕን ሊያወርድላቸው እንደቆመው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ "ታዲያ ሁሉን ነገር ግዴታ አደረግከው እኮ! ሳምንቱን በቢሮና በሱቅ የደከመ ሰው አንድ ጠዋት ደስ ብሎት ፀሐይ ቢያይ ምን አለበት?" ቢለኝ እውነት አለው። ጃቢር ኢብን ሰሙራ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱብሒን ከሰገዱ በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ከሰገዱበት ቦታ አይነሱም ነበር። ሰሓቦቹ በዚያ ሰዓት ምን ያደርጉ ነበር? ያወሩ ነበር። በጃሂሊያ ዘመን የሠሩትን እያነሱ ይስቁ ነበር፤ እሳቸውም ፈገግ ይሉ ነበር። ይህን ሐዲስ እወደዋለሁ። በምድር ላይ ከእነሱ የበለጠ የሥራ ጫና ያለበት ጀመዓ አልነበረም፤ ግን ፀሐይ እስክትወጣ ተቀምጠው የሚሳሳቁበት ጊዜ ነበራቸው። ስለዚህ ጠዋትን ተቀምጦ ማሳለፍ ስንፍና አይደለም፤ ደስታም ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በዚያ መስጊድ ውስጥ ማንም ብቻውን አልነበረም። ሰዎቹ ፊታቸው እርስ በርስ ነበር።

ስለዚህ ወደ ሳነቴ ለሚወጡ ወንድሞችና እህቶች የምለው ብዙ አይደለም። ውጡ። የጎባን ዳገት ስትጀምሩ ውዱእ ይኑራችሁ፤ ላይ ያለው ውኃ ያቃጥላል። መስታወቱን ዝቅ አድርጉና ሁለቱንም ጎሕ እዩ፤ ሐሰተኛውንም እውነተኛውንም። ሱብሒን ከመኪናው ወርዳችሁ በጀመዓ ስገዱ፤ የውርጩ ሜዳ ከየትኛውም ምንጣፍ አያንስም። መንገደኛ ብትሆኑም ሱብሒ ሁለት ረከዓ ነው፤ አይቀነስም። ከዚያ ክቧ ስትወጣ የሶላት ጊዜ አይደለምና ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከአድማሱ የጦር ዘንግ ያህል ከፍ እስክትል ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ቴርሙዝ ያለው ሻዩን ይቅዳ። አለቱ ሥር የቆመው ልጅ ሁልጊዜ በመጀመሪያ ያፍራል፤ ሲጠሩት ግን ይመጣል። ስሙን ጠይቁት፤ የአባቱን ስም፣ ስንት ላም እንዳላቸው፣ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደሆነ ጠይቁት። ኦሮምኛ የማይችል ካለ የሚችለው ያስተርጉም። ሌሊቱን ምን ያህል እንደበረደ እሱ ከማንም በላይ ያውቃል። ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ሲጠጣ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ታርፋለች፤ ያን ጊዜ ሁለት ረከዓ ለመስገድ ወቅቱ ገብቷል።